የመብራቱ የውኃ አባት ማን ነው?

ደሴ ላይ ለወረዳ ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ነገሬን ከቆቦ ሜዳ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወርጄ አንድ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ቆምኩ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ቱቦው ወርዷል፤ አፉ በብረት ክዳን ተከድኖ በብሎን ታስሯል። አጠገቡ ለፓምፑ መቆጣጠሪያ የተሠራች አንዲት የብሎኬት ክፍል አለች፤ የበሯ ቁልፍ ዝጓል፣ መስኮቷ ላይ ሸረሪት ድሩን አድርቷል። ከዚያ ቀና ሲባል፣ በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከምሰሶ ምሰሶ እየተቀባበለ ወደ ከተማ ይጓዛል። የመሬቱ ባለቤት ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ገበሬ ናቸው። የማሽላቸውን ቅጠል በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ፤ ደርቆ ተጠቅልሏል። «ልጄ፣ ውኃውም አለ ይሉናል፣ መብራቱም አለ ይሉናል። ማሽላው ግን ይኸው» አሉኝ።

ነገሩን ስከታተለው ጥፋተኛ ፈልጌ አጣሁ። ያስደነገጠኝም ይህ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ክፍል ሥራውን ጨርሷል። መስመር የሚዘረጋውም ክፍል የዚያን ዓመት ዕቅዱን ጨርሷል፤ ዕቅዱ ውስጥ ግን ያ ጉድጓድ የለም። ፓምፑን የሚገዛው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ መብራት መግባቱ ሳይረጋገጥ አልገዛም አለ። ሊፈረድበት አይችልም፤ ቆሞ የሚዝግ ፓምፕ መግዛት የለበትም። ሰኔ 30 ደረሰና በጀቱ ተመላሽ ሆነ። ሁለቱ ክፍሎች ሪፖርታቸው ላይ ስለየድርሻቸው «ተጠናቋል» ብለው ጽፈዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ «መብራት ስላልገባ አልተገዛም» ብሏል፤ ሦስቱም አልዋሹም። ማሽላው ግን ደርቋል።

መስኖ ባለበት አካባቢ ያደጋችሁ የውኃ አባትን ታውቃላችሁ። ወንዝ ከተጠለፈ በኋላ ውኃው በራሱ ጊዜ ፍትሐዊ ሆኖ አይሄድም። ከላይ ያለው ማሳ ጠጥቶ ይጠግባል፣ ከታች ያለው ይደርቃል፣ ከዚያ ዱላ ይመዘዛል። ስለዚህ ሕዝቡ ከመካከሉ አንድ የሚያምነውን ሰው ይመርጣል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ፣ ቦዩ መቼ እንደሚጠረግ፣ ለጠረጋው ከየቤቱ ስንት ሰው እንደሚወጣ የሚወስነው እርሱ ነው። የውኃ አባት ውኃ አይፈጥርም። ያለውን ውኃ ከሚፈልገው ማሳ ጋር ያገናኛል። ዛሬ በፊታችሁ ላነሣው የመጣሁት ጥያቄ ይኸው ነው፤ የመብራታችን የውኃ አባት ማን ነው?

ኃይል የለንም የሚባልበት ዘመን እያለፈ ነው። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ለዚያ ግድብ ከደመወዙ ያላዋጣ፣ ቦንድ ያልገዛ የለም ብል ብዙ አልሳሳትም። ሆኖም በዓለም ባንክ አኃዝ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ኤሌክትሪክ አያገኝም ነበር። ከእነዚህም አብዛኞቹ የገጠር ሰዎች ናቸው። እናቶቻችን ናቸው ማለቴ ነው።

ከግድቡ እስከ ምጣድ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ኃይሉ ከህዳሴው በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ይወጣል። ያንን ማንም ቀበሌ ቀጥታ ሊጠጣው አይችልም፤ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው። በየማከፋፈያ ጣቢያው እየወረደ፣ 230 እየሆነ፣ 132 እየሆነ፣ በመጨረሻ በገጠር ወደምናየው 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ይደርሳል። ከዚያም ምሰሶ ላይ የተሰቀለችው ትራንስፎርመር ለቤት በሚሆን ልክ ታወርደዋለች። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዷ ከጎደለች መስመሩ በላያችሁ ያልፋል እንጂ ቤታችሁ አይገባም። ብዙ ሰው «መስመሩ እኮ በጓሮዬ ያልፋል፤ ለምን አይቀጥሉልኝም?» ይላል። የሰውየው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱ ትራንስፎርመር ነው። የትራንስፎርመሩ ጉዳይ ደግሞ የዕቅድ ጉዳይ ነው።

እስቲ አንዲት ትራንስፎርመር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምሥጢሩ ያለው እዚያ ነው። ለአንድ የገጠር መንደር 50 ኪሎ ቮልት አምፒር፣ ማለትም በግምት እስከ 50,000 ዋት፣ የምትሸከም ትራንስፎርመር ተተከለች እንበል። አሥር ዋት የሚወስድ አምፖል ብቻ ከሆነ የሚበራው፣ በስሌት ደረጃ አምስት ሺህ አምፖል ትችላለች፤ መንደሩ በሙሉ እንደ ደመራ ቢበራ አይከብዳትም። የእንጀራ ምጣድ ግን ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። አንዱ ምጣድ ብቻውን የ350 አምፖል ያህል ነው። ስለዚህ ያቺ ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ የምትችለው አሥራ አራት ምጣድ ነው። አሥራ አራት ብቻ! ለፋሲካ ወይም ለኢድ ዋዜማ ሰማንያ ቤት ያለው መንደር አብሮ ሲጋግር ምን እንደሚፈጠር ሁላችሁም አይታችሁታል። መብራቱ ይቀላል፣ ይደክማል፣ ከዚያ ድም የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ጨለማ። ትራንስፎርመሯ ተቃጥላ ሌላ እስኪመጣ ወራት ያልፋል። ሰው ያማርራል፣ ሠራተኛው ይሰደባል። የተሳሳተው ግን ትራንስፎርመሯን የሰቀላት ሠራተኛ አይደለም። ስህተቱ የተሠራው መንደሩ መብራት ሲገባለት ምን ሊያደርግበት እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ በቀረበት ቀን ነው።

ወፍጮስ? ሃያ የፈረስ ጉልበት ያለው የወፍጮ ሞተር ወደ 15 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይስባል። የሚፈልገውም ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይሉ በሦስት ሽቦ ተከፋፍሎ የሚመጣበት፣ መስመር ነው። መስመሩ ሲዘረጋ ለወጪ ቅነሳ ተብሎ በአንድ ፌዝ ብቻ ከመጣ፣ መንደሩ አምፖል አገኘ እንጂ ወፍጮ አላገኘም። እናትየዋ እህሏን ተሸክማ እንደ ድሮው ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ ልዩነቱ ስትመለስ ቤቷ መብራት መኖሩ ብቻ ነው። እኔ ይህንን መብራት መግባት ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል። በአንጻሩ ወፍጮው ቀን ላይ ቢሠራ፣ ምጣዱ በተራ ቢሆን፣ ማታ ደግሞ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ቢበራ፣ ያቺው ትራንስፎርመር ለሁሉም ትደርሳለች። ተራ ማውጣትን ለወሎ ገበሬ ማስተማር አያስፈልገኝም። የመስኖ ተራ የሚያውቅ ሕዝብ የምጣድ ተራ አያቅተውም። የሚያስፈልገው አስቀድሞ መነገሩ ነው።

ወደ መልክዓ ምድራችን ልምጣ። ወሎ ሜዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው በቀለለ ነበር። ከደሴ ወደ ኩታበር፣ ከዚያም ወደ ደላንታ የሄደ ሰው የአገሩን አቀማመጥ ያውቃል። አምባው ላይ አንድ ቤት፣ ገደሉ ሥር ሦስት ቤት፣ ከወንዙ ማዶ ሌላ ጎጥ። ከትራንስፎርመር የሚወጣው የቤት መስመር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ ጉልበቱ እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ ብዙ ትራንስፎርመርና ብዙ ምሰሶ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ምሰሶ ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ነው ካርታ የሚያስፈልገው። ዛሬ ከሳተላይት በሚነሣ ምስል እያንዳንዱ ጣሪያ የት እንዳለ ማየት ይቻላል። መስመሩ የት እንደሚያልፍ፣ ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጉድጓዱ የት እንዳለ በላዩ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ጎጥ ያሰላለታል፦ ለዚህኛው ዋናው መስመር ይረክሳል፤ ለዚያኛው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የራሱ የመንደር መረብ ይሻላል፤ ለዚያ ገደል አፋፍ ላሉት አራት ቤቶች ደግሞ የየቤታቸው ሶላር ይበቃል።

አገራችን ይህንን በወረቀት ደረጃ አውቃዋለች። ኅዳር 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2025 ድረስ ለሁሉም ኢትዮጵያዊ መብራት ለማዳረስ፣ ከዚህም 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ ባሉ መንገዶች ለመሸፈን ነበር ግቡ። ዘመኑ ደረሰ፤ ግቡ አልደረሰም። በመካከሉ ጦርነት ነበር፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር፤ ይህንን መካድ አይገባም። ነገር ግን ሰበቡ ያ ብቻ ነው ብዬ ብነግራችሁ ቆቦ ሜዳ ላይ ያየሁትን እንደ መካድ ይሆንብኛል። ኃይል የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያጓጉዘው አንድ ተቋም፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው ሌላ ተቋም ከሆነ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ከመስመር ውጭ ያለውን የሚመራው የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ነው። ውኃው በሌላ ቢሮ፣ ጤናው በሌላ፣ መንገዱ በሌላ። ተቋማቱ መለያየታቸው ኃጢአት አይደለም። ካርታቸውም መለያየቱ ነው የጎዳን።

ሌላ አገር ተሳክቶለታል ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሩዋንዳን እዩ። እንደ እኛ ተራራማ ናት፤ ሕዝቧም እንደ እኛ በየኮረብታው የተበተነ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር 2009 ላይ ኤሌክትሪክ የነበረው ቤተሰብ ከመቶ ስድስት ያህሉ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት መንግሥቱ አንድ የማዳረሻ ዕቅድ አወጣ፤ በውስጡም ለጤና ተቋማት፣ ለትምህርት ቤቶችና ለአስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች ለብቻቸው ግብ አስቀመጠ። ከዚያ አበዳሪዎቹንና ለጋሾቹን ሁሉ ሰብስቦ «የየራሳችሁን ፕሮጀክት ይዛችሁ አትምጡ፤ ዕቅዱ ይኸው፣ የጎደለውን ሙሉ» አላቸው። ዛሬ የፀሐይ ኃይሉን ጨምሮ ከሦስት አራተኛ በላይ ቤተሰብ ደርሶታል። ኬንያ ደግሞ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ ከትራንስፎርመር በ600 ሜትር ዙሪያ ያሉትን ቤቶች ለይታ ያዘች፤ የማስገቢያውን ክፍያ ከ35,000 ወደ 15,000 ሽልንግ አወረደችና በየወሩ ቀስ እያለ እንዲከፈል አደረገች። የቀረበውን ሰው መጀመሪያ፣ ባለው ትራንስፎርመር። ይህ የሊቅ ሥራ አይደለም፤ የቤት እመቤት ሒሳብ ነው።

ከትራንስፎርመር ሥር ስላለው ድኃ ካነሣሁ አይቀር አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ልናገር። በየከተሞቻችን ዳርቻ፣ እዚህ ደሴ ዙሪያም፣ የማስገቢያውን ክፍያ ያጣ ሰው ከጎረቤት ሽቦ ስቦ ይጠቀማል። በአንድ ቆጣሪ አራት አምስት ቤት ይሆናል። ታሪፉ የተሠራው ድኃውን ለመርዳት ነበር፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። እንግዲህ አምስት ድኃ በአንድ ቆጣሪ ሲሰበሰብ በወረቀቱ ላይ አንድ ሀብታም ይመስላል፤ የሚከፍለውም እንደ ሀብታም ነው። ለድኃ የተሰጠው ድጎማ ድኃውን ሳያገኘው ያልፋል ማለት ነው። ይህን ለማስተካከል አዲስ ግድብ አያስፈልግም። ቆጣሪና ክፍያውን በየወሩ የሚቀበል ሥርዓት ይበቃል።

ሰሜን ወሎ ደግሞ ሌላ ትምህርት በውድ ዋጋ ተምሯል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ ያላችሁት ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቁስሉን መነካካት አልፈልግም። ከዕቅድ አንጻር ግን አንድ ነገር ማለት ግድ ነው። ላሊበላ ውጊያው ከራቀ በኋላም ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆየች፤ ኃይሉ ይመጣ የነበረው በአላማጣ በኩል ነበርና። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት፣ በሩ ሲዘጋ ሰው ውስጥ ይቀራል። ወፍጮ ቆመ፣ የውኃ ፓምፕ ቆመ። መስመር ስናቅድ በሰላሙ ቀን ብቻ ማሰብ የለብንም። ማከፋፈያ ጣቢያዎቻችን ከሁለት አቅጣጫ የሚመገቡ ቢሆኑ፣ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ደግሞ ጣሪያቸው ላይ የራሳቸው የፀሐይ ኃይል ቢኖራቸው፣ ያ ወራት እንዲያ ባልከበደ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሐል ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ ፍሪጁ መስመሩ እስኪጠገን ቀጠሮ አይሰጥም።

ስለ ሶላርም አንድ ቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከዋናው መስመር መብራት የሚያገኘው ቤተሰብ አንድ ሦስተኛው ገደማ ሲሆን፣ ወደ ሩብ የሚጠጋው ደግሞ የሚጠቀመው ሶላር ነበር። በወሎ ገጠር ብዙው ሶላር የመጣው በማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሳዑዲና ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በላኩት ገንዘብ ነው። ልጅቷ በባዕድ አገር እንቅልፏን አጥታ እናቷን ከኩራዝ ጭስ አወጣች። ያቺ ሶላር በሁለተኛው ዓመት ባትሪዋ ሲደክም ግን የሚጠግናት የለም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ትቀራለች። ከመስመር ውጭ ያለው 35 በመቶ በዕቅድ ላይ ቁጥር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በየወረዳው ጠጋኝ፣ መለዋወጫ፣ ጥራቱን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልገዋል። ደላንታ ላይ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዓለም ያወቀው የኦፓል ድንጋይ አለ። የማለስለሻ መሣሪያ የሚያዞር አስተማማኝ ኃይል ቢኖር ወጣቱ ድንጋዩን እዚያው ወገል ጤና ከተማ ላይ ጠርቦ አለስልሶ በሸጠ ነበር። ለእነዚያ ወጣቶች አምፖል ብቻ የሚያበራ ሶላር ሰጥቶ «ኤሌክትሪክ ደርሷቸዋል» ብሎ መቁጠር ትክክል አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ኮምቦልቻን ተመልከቱ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐሳቡ ራሱ ምንድን ነው? መንገዱ፣ ውኃው፣ መብራቱ፣ ፍሳሹ በአንድ አጥር ውስጥ አብሮ ይታቀድ፣ ባለሀብቱ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተት ነው። ለፋብሪካ ይህንን ያህል ከተጨነቅን፣ ለአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ፣ ጉድጓድ፣ ወፍጮና ትምህርት ቤት በአንድ ወረቀት ላይ እንዲቀመጡ መጠየቅ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ደግሞም መዋቅር ከውጭ መበደር የለብንም። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሌለበት ጎጥ አለ? ሰው ሲሞት እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይቀብራል፤ መዋጮ ይሰበስባል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ድንኳኑንና ዕቃውን ይጠብቃል። ገንዘብ ሰብስቦ በታማኝነት የሚይዝ፣ እያንዳንዱን ቤት በስም የሚያውቅ ተቋም ይህ ነው። የመንደር የፀሐይ ኃይል መረብ ተተክሎ ክፍያውን የሚሰበስብ፣ የምጣዱን ተራ የሚያወጣ ቢታጣ፣ ቅሬው አለ። ምሰሶ በማን ማሳ ይለፍ በሚለው ጠብ ሲነሣ ደግሞ ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ከመመላለስ በፊት አስታራቂ ሽማግሌዎቻችን፣ አበጋሮቹ፣ አሉ። እነዚህን ሰዎች ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ለምረቃው ሪባን የምንጠራቸው መሆኑ ያሳዝነኛል። መጠራት ያለባቸው ካርታው ሲሠራ ነው።

እዚህ ላላችሁ የወረዳ ባለሙያዎች የማቀርበው ልመና የተወሰነ ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጥያቄያችሁ የሚጻፈው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ከመጻፉ በፊት የውኃው፣ የጤናው፣ የትምህርቱ፣ የግብርናውና የመብራቱ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የወረዳው ካርታ መሐል ላይ ይዘርጋ። በሚቀጥለው ዓመት የሚቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ፣ የሚሠራው ጤና ኬላ ሁሉ፣ ወፍጮ ለመትከል የጠየቀ ማኅበር ሁሉ በላዩ ላይ ነጥብ ይደረግበት። መስመር የሚዘረጋው ክፍል ነጥቦቹን አይቶ «ይህንን እችላለሁ፣ ይህንን አልችልም» ይበል። አልችልም ላለው በዚያው ቀን ሶላር ይታሰብለት። ከዚያ አንድ ሰው ይመረጥ፤ ካርታውን የሚይዝ፣ ማን ምን ጨረሰ ብሎ በየወሩ የሚጠይቅ። ሹመት አያስፈልገውም። የውኃ አባት ደመወዝ የለውም፤ ሲናገር ግን ይሰማል።

በንግግሬ መጨረሻ ጥያቄ እንደምቀበል ተነግሯችኋል። ከኋላ እጃቸውን ቀድመው ያነሡት እናት አሉ። እናቴ፣ ከእርስዎ እንጀምር፤ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ ይንገሩንና ይቀጥሉ።